አርዱዊኖ ላይ ሞተር፣ ሰርቮና ሪሌ አገጣጠም፣ ቦርዱን ሳታቃጥሉ

ቤታችን ውስጥ ፒን 8 ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ኮድ ተጭኖበት ሌላ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ ቦርድ፣ ፒን የሚባሉት ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎቹ ናቸው) አለ። ቀለሙን የቀባችው እህቴ ናት። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ታናሽ ወንድማችን ክረምት ላይ ከቅዳሜ ገበያ ከተገዛ የመጫወቻ መኪና ሞተር ነቅሎ፣ አንዱን ሽቦ ፒን 8 ላይ ሌላውን ግራውንድ (የኔጋቲቭ መመለሻው) ላይ ሰክቶ፣ "ለምን አይዞርም" እያለ በጣቱ ሲገፋው ሲገፋው ፒኑን ገደለው። ቦርዱ ዛሬም ይሰራል፣ ፒን 8 ግን ከዛን ቀን ወዲህ ኤልኢዲ እንኳን አያበራም። ተርፏል ባይ ነኝ፣ ሙሉ ቺፑ ሊሄድ ይችል ነበር።

ከዛ ወዲህ እኛ ሰፈር አርዱዊኖ የገዛ ልጅ ሁሉ "ሞተሩ እምቢ አለኝ" እያለ ቤት ይመጣል፣ ስናየው ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዛው ስህተቶች ናቸው። በቃ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የመጣውን ሁሉ "ሂድ አንብብ" ልበለው።

ፒኑ ለምን አይችልም

ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ አትሜጋ 328ፒ ይባላል። ከአንዱ ፒን ሳይጨናነቅ የሚወጣው 20 ሚሊአምፕር አካባቢ ነው፣ 40 ደግሞ ከዛ ካለፈ ይበላሻል የተባለለት ጣሪያ ነው፣ የሁሉም ፒኖች ድምር ደግሞ ከ200 ማለፍ የለበትም። ለኤልኢዲ ይሄ በቂ ነው። ያቺ ገበያው ላይ የሞላችው ቢጫዋ ባለ ጥርስ ሞተር፣ ቲቲ ሞተር የሚሏት፣ ምንም ሳትሸከም በባዶዋ ስትዞር ብቻ ወደ 150 ሚሊአምፕር ትጠጣለች፣ ጎማዋን በእጃችሁ ብትይዙት ደግሞ ከ1 አምፕር ታልፋለች። ወንድሜ በጣቱ ሲገፋ የነበረው እንግዲህ ይሄንን ነው።

ኮንስትራክሽን ላይ የዋለ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ፎርማን "አንሳ፣ አውርድ" ይላል እንጂ ሲሚንቶ አይሸከምም። ፒኑ ፎርማን ነው፣ ተሸካሚው ድራይቨሩ (በፒኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ሌላ ቦርድ) ነው፣ የተሸካሚው ምሳ ደግሞ ከባትሪው ነው የሚመጣው እንጂ ከፎርማኑ ኪስ አይደለም። ከዚ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የዚችው ነገር ዝርዝር ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሞተር ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፣ የሚሄድበትን ከረንት ድንገት ስትቆርጡበት በተቃራኒው አቅጣጫ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይተፋል፣ ይሄ ምት ለአንድ አፍታ ቢሆንም ቺፕ ይበሳል። ድራይቨር ሞጁሎቹ ላይ ይሄን የሚውጡ ዳዮዶች (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) አሉ፣ በራሳችሁ በትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚከፍት ባለ ሶስት እግር ዕቃ) ከሰራችሁ ግን ዳዮዱን ማስገባት የናንተ ስራ ነው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ምን ምን ያስፈልጋል

የምንሰራው ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ መኪና ነው። ቦርድ (የቻይና ኮፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲኤች 340 የሚባል ቺፕ ስላለው ኮምፒውተሩ ካላወቀው የቺፑን ሶፍትዌር አውርዳችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑ፣ ቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱ)፣ ኤል 298 ኤን የሚባለው ቀዩ የሞተር ድራይቨር፣ ሁለት ቢጫ ሞተር፣ ጃምፐር ገመዶች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ እና ቴስተር። ቴስተር ላይ አትሰስቱ፣ ርካሹም ይበቃል፣ እሱ ሳይኖር መገጣጠም በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ቦርዱን እኛ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የምናስልከው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣን ቦርድ በአንድ ማታ ማቃጠል ደግሞ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያየ ያውቀዋል። ሌላውን ግን እዚሁ ጎንደር ታገኛላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግኑት ጋር ሄዳችሁ ጋሼ ብላችሁ በትህትና ከጠየቃችሁ ከአሮጌ ቦርድ ላይ ዳዮድና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም) ነቅለው ይሰጧችኋል፣ ሽቦም ሶልደር ያደርጉላችኋል። የሞተ ፕሪንተር ካገኛችሁ በፍፁም አትለፉት፣ ውስጡ ሞተርና ጥርስ ሞልቷል።

አንደኛ፣ ኃይሉን አስተካክሉ

ከሽቦው በፊት ባትሪው። ልጆቹ ሁሉ የሚመጡት ያቺን አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪ ይዘው ነው። 9 ቮልት ስላለ ጠንካራ ይመስላቸዋል፣ ግን ለጭስ ማንቂያና ለቴስተር የተሰራ ባትሪ ነው፣ ብዙ ከረንት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ዝም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አራት የባትሪ ድንጋይ ብትደረድሩ 6 ቮልት ነው፣ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ኤል 298 ኤን ያረጀ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ራሱ ወደ 2 ቮልት ይበላል (ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ብረት ለጌጥ አይደለም፣ ያንን ሙቀት ለመበተን ነው)። ስለዚ ለሞተሩ የሚቀረው 4 ቮልት ነው። ይዞራል፣ ግን ቀስ ብሎ። ከሞተ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጡት 18650 የሚባሉት ሴሎች ግን አንዱ 3.7 ቮልት ነው፣ ሁለቱን በተከታታይ ስታደርጉ 7.4፣ ድራይቨሩ 2 ሲበላ 5.4 ይቀራል፣ ሞተሩ ደግሞ የሚፈልገው ከ3 እስከ 6 ነው። ልክክ።

እነዚ ሴሎች ግን ቀልድ አያውቁም። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተነካካ ሽቦው ይቀልጣል፣ እሳትም ይነሳል፣ ስለዚ ከኪሳችሁ ቁልፍ ጋር አትያዟቸው፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ትንሽ ፊውዝና ማጥፊያ አስገቡ። ሲሞሉ እያንዳንዱ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 በታች እንዳትወርዱባቸው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ስታወጡ በቴስተር ለኩ፣ 2.5 እንኳን የማይሞላውን ተዉት፣ እሱን ለማስነሳት አትታገሉ። ቻርጅ ስታደርጉ ከማስቀመጫው አውጥታችሁ አንድ በአንድ፣ ቲፒ 4056 በምትባለው ትንሽ የቻርጀር ቦርድ፣ ሁለቱን እንደተያያዙ በስልክ ቻርጀር ገመድ እንዳትሞክሩት። መብራት ሲኖር ሙሏቸው፣ ማታ ልሰራ ብላችሁ ስትቀመጡ መጥፋቱ አይቀርማ።

ሁለተኛ፣ ድራይቨሩን ያለ አርዱዊኖ ሞክሩት

ይሄን ማንም አያደርገውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ሳይሰራ ሲቀር ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የሽቦው አታውቁም።

ሞጁሉ ላይ ባለ ሶስት ብሎን ተርሚናል አለ፣ 12 ቮልት፣ ግራውንድ፣ 5 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። 12 ቢልም 7.4ታችሁን እዛ አስገቡ፣ ኔጋቲቩን መሃል ግራውንድ ላይ። 5 ቮልት ከሚለው ኤሌክትሪክ ይወጣል እንጂ ባትሪ አይገባበትም፣ ይሄ የሚሆነው ከተርሚናሉ አጠገብ ያለው ትንሽ ጃምፐር (ገመዱ ሳይሆን ሁለት ፒን የሚያገናኘው ትንሽ ክዳን) በቦታው ካለ ነው፣ ባትሪያችሁ ከ12 ቮልት ካለፈ ግን ጃምፐሩ መነቀል አለበት። በግራና በቀኝ ጎን ያሉት ባለ ሁለት ብሎን ተርሚናሎች የሞተሮቹ ናቸው፣ እዛ ጋ የቱ ሽቦ የቱ ላይ እንደሚገባ ለጊዜው አትጨነቁ።

አሁን ኢኤንኤ እና ኢኤንቢ የሚሉት (የሁለቱ ሞተሮች የፍጥነት መግቢያ) ላይ ያሉትን ጃምፐሮች ሳትነቅሉ፣ አንድ ገመድ ከ5 ቮልቱ ወደ ኢን 1፣ ሌላ ገመድ ከግራውንድ ወደ ኢን 2። ሞተሩ መዞር አለበት። ሁለቱን አቀያይሩ፣ በተቃራኒው መዞር አለበት። በኢን 3 እና ኢን 4 ያንኑ ድገሙ። ካልዞረ ኮድ ምን እንደሆነ እንኳን ሳታስቡ ችግሩ ከባትሪ፣ ከብሎን ወይ ከሞተር እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ብሎኑ የሽቦውን ፕላስቲክ ነው የሚይዘው፣ መዳቡን አይደለም፣ ፕላስቲኩን በደንብ ላጡት።

ሶስተኛ፣ አርዱዊኖውን አገናኙ

ባትሪውን አጥፉ፣ ዩኤስቢውንም ንቀሉ። የኢኤንኤን እና የኢኤንቢን ጃምፐር አውጡ። ከስር ሁለት ሁለት ፒን ታያላችሁ፣ ከኢን 1 ጋር በአንድ ረድፍ ላይ ያለችዋን ነው የምትፈልጉት፣ ከኋላዋ ያለችው 5 ቮልት ናት፣ እሷን አርዱዊኖ ፒን ላይ ብትሰኩ ሌላ የጥፍር ቀለም ያስፈልጋል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ ኢኤንኤ ወደ ፒን 5፣ ኢኤንቢ ወደ ፒን 6፣ ኢን 1 ወደ 2፣ ኢን 2 ወደ 4፣ ኢን 3 ወደ 7፣ ኢን 4 ወደ 12። እናንተ 8 ላይ ማድረግ ትችላላችሁ፣ የኛው ስለሞተ ነው። 0ን እና 1ን ግን አትንኩ፣ ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራባቸው ናቸው፣ የሆነ ነገር ከሰካችሁባቸው ኮድ አልጫን ይላችኋል። ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ፒኖች ጎናቸው ላይ ሞገድ የምትመስል ምልክት ያላቸው ናቸው፣ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11። ለምን 5ን እና 6ን መረጥክ ብትሉኝ ሰርቮ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ከዛ ግራውንድ። የድራይቨሩ ግራውንድ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ እና የአርዱዊኖው ግራውንድ መገናኘት አለባቸው። ሶስቱም። "የአርዱዊኖው ኃይል ከዩኤስቢ ነው፣ የሞተሩ ከባትሪ ነው፣ ለምን አገናኛለሁ" ይሉኛል። ወንድሜ፣ 5 ቮልት ማለት ከምን ተነስቶ ነው 5 የሆነው? ሁለት ሰዎች የአንድን ግድግዳ ከፍታ ሲለኩ አንዱ ከመሬት አንዱ ከጣሪያ ቢጀምር ይግባባሉ? ግራውንዱ ካልተገናኘ ድራይቨሩ የአርዱዊኖውን ትእዛዝ አይሰማም፣ ወይ ደግሞ ሲፈልገው ይዞራል ሲፈልገው ይቆማል። ከሚመጡልኝ ልጆች ግማሹ በዚች አንድ ገመድ ነው የሚመለሱት።

መኪናው ያለ ኮምፒውተር እንዲሄድ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ገመድ ወደ ቦርዱ ቪን ፒን ውሰዱ። እዛ የሚገባው ከ7 እስከ 12 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚለው ላይ በስህተት 7.4 ካስገባችሁ ግን ቺፑን የሚያድነው ነገር የለም።

ኮዱ ላይ ብዙ አልቆይም። በፒንሞድ ትእዛዝ ስድስቱንም አውትፑት (ማውጫ) አድርጉ። ኢን 1 ሃይ (5 ቮልት) ኢን 2 ሎው (0 ቮልት) ሲሆን ወደፊት፣ ሲገለበጥ ወደኋላ፣ ሁለቱም አንድ አይነት ሲሆኑ ፍሬን ነው። ፍጥነቱ በአናሎግራይት ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 ለኢኤንኤ ይሰጣል። ዝቅ ያለ ቁጥር ብትሰጡት ሞተሩ ሲያንጎራጉር እንጂ ሲዞር አታዩትም፣ የኛዎቹ ከ80 በታች አይነሱም። ዘዴው ለትንሽ ሚሊሴኮንድ በ255 አስነስቶ ከዛ ዝቅ ማድረግ ነው፣ ባጃጅ ዳገት ላይ እንደማስነሳት።

ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ እንደገና ከጀመረ (ኤልኢዲው ብልጭ ብልጭ ይልና ከመጀመሪያው ይነሳል) ባትሪው ዝቅ እያለበት ነው። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ፣ ከድራይቨሩ መግቢያ ላይ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ኔጋቲቩን ጠብቃችሁ አስገቡ። በየሞተሩ ሁለት ጆሮዎች መሃል ደግሞ 104 የሚል የተጻፈበትን ትንሿን ካፓሲተር ሶልደር አስደርጉ፣ የሞተሩን ረብሻ ታበርዳለች፣ ለሷ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የለም።

ሰርቮ

ሰርቮ ያላችኋት ማዕዘን ላይ ሄዳ የምትቆም ሞተር ናት። ሰማያዊዋ ትንሽ ሰርቮ፣ ኤስጂ 90፣ ሶስት ሽቦ አላት። ቡኒው ግራውንድ፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ብርቱካናማው ትእዛዝ። ድራይቨሯ ሆዷ ውስጥ ስላለ ትእዛዙን በቀጥታ ከፒን መስጠት ይቻላል፣ ኃይሉን ግን አይደለም። አንዷን ለሙከራ ከቦርዱ 5 ቮልት ማብላት ይቻላል፣ ሁለት ሶስት ሲሆኑ ግን ወይ ክንዷ የሆነ ነገር ሲይዛት በመቶዎች ሚሊአምፕር ነው የምትጠይቀው። አሮጌ የስልክ ቻርጀር ገመድ ቆርጣችሁ ቀዩንና ጥቁሩን ብትጠቀሙ ንፁህ 5 ቮልት ነው፣ ጥቁሩን ከአርዱዊኖው ግራውንድ ጋር ማገናኘት እንዳትረሱ፣ ያው ያችው ነገር ናት።

ኮዱ ተዘጋጅቶ አለ፣ ፋይል ከዛ ኤግዛምፕልስ ከዛ ሰርቮ ከዛ ስዊፕ። ትእዛዙ በየ20 ሚሊሴኮንዱ የሚላክ አጭር ምት ነው፣ 1.5 ሚሊሴኮንድ ሲረዝም መሃል ትቆማለች። እኔ ሁለት ማታ የጠፋብኝ እዚ ጋ ነው። መኪናው በደንብ ሲሄድ ሰንብቶ ሰርቮ ስጨምርበት የቀኙ ጎማ ፍጥነት አልታዘዝ አለ። ሽቦ ቀየርኩ፣ ድራይቨር ቀየርኩ፣ ሞተሩን ሁሉ ፈታሁት። ለካ የሰርቮ ላይብረሪ (ሰርቮ የሚያዘው ተዘጋጅቶ የመጣው ኮድ) ኡኖ ላይ የፒን 9ን እና የፒን 10ን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ለራሱ ይወስደዋል፣ እኔ ደግሞ ኢኤንቢን 9 ላይ ነበር የሰካሁት። 5ን እና 6ን የምመርጠው ለዚ ነው።

ርቀት ለኪው

ኤችሲ-ኤስአር 04፣ ባለ ሁለት ዓይኑ። ፖዘቲቩ ወደ 5 ቮልት፣ ትሪግ ወደ 11፣ ኤኮ ወደ 3፣ ግራውንድ ወደ ግራውንድ። ትሪግን ለ10 ማይክሮሴኮንድ ሃይ ታደርጉታላችሁ፣ ድምፅ ይለቃል፣ የገደል ማሚቶው ተመልሶ እስኪመጣ ስንት ማይክሮሴኮንድ እንደፈጀ በፐልስኢን ትእዛዝ ትለካላችሁ፣ ለ58 ስታካፍሉት ሴንቲሜትር ይሰጣችኋል። 1160 ካነበበ 20 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ "ጎንደር ከፍታ ቦታ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያል" ብሎ ድርቅ አለ፣ ከፍታው ለዚህ ምንም አያደርግም፣ የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ሙቀቱ ነው፣ እሱም ለዚ ስራ ኢምንት ነው።

ከፍታው ሳይሆን ጋቢው ነው የሚያስቸግረው። ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል። አያታችን ጋቢያቸውን ደርበው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው መኪናው ግድግዳውን እያየ እየዞረ መጥቶ እሳቸው እግር ላይ ወጣ። "ይሄ ነገር ሰው አያይም እንዴ?" አሉ። አያይም እማማ። በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ባለበት ክፍል ብቻውን አትመኑት፣ ከፊት የሚነካ ማብሪያ ማጥፊያ ጨምሩ።

ቦርዳችሁ 3.3 ቮልት የሆነው አይነት ከሆነ (ኢኤስፒ 32 ለምሳሌ) ኤኮው 5 ቮልት ስለሚመልስ በመሃል ሁለት ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ) አድርጉ፣ ከኤኮው ወደ ፒኑ 1 ኪሎኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎኦም።

አንድ ትንሽ ሞተር ብቻ ከሆነ

ለአንድ ፋን ወይ ለአንድ ትንሽ የውሃ ፓምፕ፣ ወደኋላ መዞር ካላስፈለገ፣ ሙሉ ድራይቨር አያስፈልግም። 2ኤን 2222 የሚባለው ትራንዚስተር (ሶስት እግሮቹ ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር ይባላሉ)፣ ከፒኑ ወደ ቤዙ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ኤሚተሩ ግራውንድ፣ ኮሌክተሩ ወደ ሞተሩ ኔጋቲቭ፣ የሞተሩ ፖዘቲቭ ወደ ባትሪ። እና ያ የተፋውን የሚውጥ ዳዮድ፣ 1ኤን 4007፣ ከሞተሩ ጎን ለጎን፣ ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቩ። ከገለበጣችሁት ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል፣ ስለዚ መስመሩን ሁለት ጊዜ እዩት። ከግማሽ አምፕር ከፍ ካለ ወደ ሞስፌት (ብዙ ከረንት የሚችል የትራንዚስተር አይነት) ሂዱ፣ ግን አይአርኤፍ 520 አትግዙ፣ በ5 ቮልት በደንብ አይከፍትም፣ ይግላል። አይአርኤልዜድ 44 ኤን ይሻላል።

ሪሌ

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ነገር ይፈልጋል፣ ስለዚ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ይጠይቁኛል። ሪሌ ሞጁሉ ሶስት ፒን ነው፣ 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ኢን። ብዙዎቹ ተገልባጭ ናቸው፣ ፒኑን ሎው ስታደርጉት ነው ሪሌው ጠቅ የሚለው፣ ሃይ ስታደርጉት ይለቃል። ካላወቃችሁ "ቦርዱን ስከፍተው በራሱ ይበራል" እያላችሁ ትታመማላችሁ። ከሞጁል ውጪ ባዶ ሪሌ ከገዛችሁ ግን ጥቅልሉ ብቻ ከ70 ሚሊአምፕር በላይ ስለሚፈልግ ከላይ ያለው ትራንዚስተርና ዳዮድ ያስፈልገዋል።

በሌላው ጎኑ ኮመን፣ ኖርማሊ ኦፕን፣ ኖርማሊ ክሎዝድ የሚባሉ ሶስት ብሎኖች አሉ። በኮመንና በኖርማሊ ኦፕን መሃል ሪሌው ጠቅ ሲል ይገናኛል። በ12 ቮልት ተለማመዱበት። 220 ቮልት ላይ ግን እኔም ራሴ ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ነው የማሰራው፣ ሪሌው ላይ 10 አምፕር ቢልም የውሃ ፓምፕ ሲነሳ የሚስበው ከዛ ብዙ ስለሚበልጥ የሪሌው ምላስ ይጣበቅና ፓምፑ ሳይጠፋ ያድራል። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለከባድ ከረንት የተሰራ ትልቅ ሪሌ) ታዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ይሸከም። እዚም ፎርማንና ተሸካሚ ናቸው።

ከመክፈታችሁ በፊት

መኪናውን መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ ከስሩ ቆርቆሮ ወይ መጽሐፍ አድርጉ፣ የኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከጠረጴዛ ላይ ዘሎ ነው የወረደው። ባትሪውን ሳታስገቡ በቴስተሩ የጩኸት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ባትሪ የሚገባበትን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ ንኩ፣ ሳያቋርጥ ከጮኸ ሾርት አለ፣ ባትሪ እንዳታስገቡ። ካልጮኸ ክፈቱና ለአስር ሰከንድ ድራይቨሩንና ቦርዱን በጣታችሁ ዳብሱ፣ የሚያቃጥል ካለ ወዲያው አጥፉ። ሁሉም ደህና ሆኖ አንደኛው ጎማ ብቻ ወደኋላ ከዞረ ኮዱን አትነካኩት፣ ካቻቢቴያችሁን አንሱና የዛን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ድራይቨሩ ላይ አቀያይሯቸው።